አውድማ፣ ማማና ጸበል የሚችል ፋኖስ፦ ከተጠቃሚው ጋር ነድፎ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ጎጃም ውስጥ ደጅ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እህሉ አውድማ ላይ ስለሚሆን ባለቤቱም እዚያው ያድራል። በቆሎ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ከርከሮና ጃርት የሚጠብቅ አለ። ግሽ ዓባይ ጸበል የገባ ሰው ሱባዔውን እስኪጨርስ ዳስ ውስጥ ይሰነብታል፤ ቆሎ ተማሪውም ጎጆው ውስጥ ቀለሙን ሲያጠና ያመሻል። ኩራዝ ይዞ ገለባ መሃል መተኛት የሚያስከትለውን ሁሉም ስለሚያውቅ ዛሬ የብዙው ሰው መብራት ከገበያ የተገዛ ባለ ቻርጅ ፋኖስ ሆኗል። ይህ ፋኖስ ክረምቱን እንኳ ሳይሻገር ይሞታል። ማብሪያው ይላላል፣ የቻርጅ ቀዳዳው ይነቀላል፣ ባትሪው ያብጣል። ሣጥኑ በሙጫ ስለተዘጋ ደግሞ ሊጠግነው የሚደፍር የለም።

ስለዚህ እዚህ የቀረበው ንድፍ አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ ማንኛውም ክፍል በካቻቢቴና በፒንሳ ወጥቶ፣ በቅርቡ ከተማ ባለ ሬዲዮ ጠጋኝ እጅ መተካት የሚችል መሆን አለበት። ድምቀቱም፣ ቅለቱም፣ መልኩም ከዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

መጀመሪያ የተበላሸውን ሰብስቡ

«ምን ዓይነት ፋኖስ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያተርፍም። መልሱ የታወቀ ነው፤ ደማቅ፣ ርካሽ፣ ስልክም የሚሞላ ይባላል። ይልቅ ሰው ሁሉ ቤቱ የወደቀውን የሞተ ፋኖስና የእጅ ባትሪ ይዞ እንዲመጣ ንገሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም የእድር ስብሰባ ሲያልቅ ጥሩ ጊዜ ነው። ያመጡትን ጆንያ ላይ ዘርግታችሁ በብልሽቱ ዓይነት እንዲለዩት አድርጉ። ማብሪያው የተሰበረ በአንድ ወገን፣ ባትሪው የሞተ በሌላ፣ ውኃ የገባበት በሌላ። ክምሩ ራሱ ይናገራል። የትኛው ክምር እንደሚበልጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጮቄ ሥር ባሉት ቀበሌዎች እርጥበት፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ደግሞ ሙቀት የገደለው ባትሪ ሊበዛ ይችላል። እናንተም የምታጠነክሩት ትልቁን ክምር ያመጣውን ክፍል ነው።

ከ10 እስከ 12 ሰው ይበቃል። አውድማ የሚያድሩ ሁለት ሦስት ገበሬዎች፣ እንስራ ይዘው ጎሕ ሳይቀድ ምንጭ የሚወርዱና ማታ የሚጋግሩ ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ጸበል የከረመ ሰውና ከሁሉም በላይ ሬዲዮ ጠጋኙ ይኑሩበት። ቆሎ ተማሪዎችን ለማነጋገር መጀመሪያ የኔታን ማስፈቀድ ነው። ሴቶቹን ለብቻቸው ቡና ላይ አነጋግሩ፤ ወንዶች ባሉበት ሸንጎ «የእነሱ ይሁን» ብለው ያልፋሉ፣ ማታ ፋኖሱ ማን እጅ እንደሚውል የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

ምርጫውን ለማውጣት ስድስት ሲኒ ደርድሩና በየሲኒው ፊት አንዳንድ ዕቃ አኑሩ። ለድምቀት መስታወት፣ ሌሊቱን ሙሉ ለመብራት ሰዓት፣ ዝናብ ለመቻል ጃንጥላ፣ ለቅለት የዶሮ ላባ፣ ለመጠገን ካቻቢቴ፣ ስልክ ለመሙላት ስልክ ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው አሥር ፍሬ ባቄላ ስጡና እንደ ፍላጎቱ በየሲኒው ያከፋፍል። ማንበብ የማይችል ሰውም እኩል ድምፅ አለው። ሲኒዎቹን በጨርቅ ካልሸፈናችሁ ሁሉም የሽማግሌውን እጅ ተከትሎ ይጥላል።

የስልኩ ሲኒ ብዙ ባቄላ ማግኘቱ አይቀርም። ያኔ ሒሳቡን በግልጽ አስቀምጡ። ሁለት ባለ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 15 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ባለ 4,000 ስልክም የሚይዘው ያንኑ ያህል ነው። ቮልቱን ወደ 5 ከፍ የሚያደርገው ሰሌዳ ደግሞ ለራሱ ይበላል። ስለዚህ አንድ ስልክ ሞልቶ ሳያበቃ ፋኖሱ ይጨልማል። «ስልኩ ይሙላ ወይስ ሌሊቱን ይብራ?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ባቄላውን መልሶ ያነሣል። የእኛም ምክር ይኸው ነው፤ ስልኩን ለከተማ ሱቅ ተዉት። እንዲያውም ይህ ፋኖስ ሱቁ ውስጥ በስልክ ቻርጀር መሞላት ይችላል።

ከእንዲህ ዓይነት ውይይት አንድ ያልታሰበ ነገርም ይወጣል። አውድማ የሚጠብቅ ሰው ደማቅ መብራት ፊቱ ላይ ሲያበራበት ከዚያ ወዲያ ያለውን አያይም፤ ጅቡም ሌባውም ያዩታል፣ እሱ አያያቸውም። ስለዚህ ደብዛዛ ብርሃንና አንዱን ጎን የሚከልል ቆርቆሮ ግድ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

— ባለ 1 ዋት ነጭ ኤልኢዲ (ብርሃን የምትሰጠው ትንሿ ፍሬ)፣ ኮከብ በሚመስል የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ የተበየደ፦ 3 (አንድ መጠባበቂያ ጨምሩ)
— 18650 የሚባለው ሊቲየም ባትሪ፣ ከ2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የማያንስ፦ 2
— ነጠላ ባትሪ ማስቀመጫ፦ 2
— ቲፒ4056 ቻርጅ ሰሌዳ፣ ስድስት የመበየጃ ነጥብ ያለው፦ 1
— ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ)፦ 1 ኦም ግማሽ ዋት 3፣ 3.3 ኦም 2 ዋት 1 (አንድ መጠባበቂያ ጨምሩ)፣ 47 ኦም 1፣ 2 ኪሎ ኦም 1
— 1ኤን5819 ዳዮድ (ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፦ 1
— የ2 አምፔር ፊውዝ፦ 2 (ሁለት መጠባበቂያ ጨምሩ)
— ሦስት ቦታ ያለው ማብሪያ፣ መሃሉ ዝግ የሆነ፦ 1
— 5.5 በ2.1 ሚሊ ክብ የዲሲ መሰኪያ ከነሶኬቱ፦ 1
— 6 ቮልት 5 ዋት ሶላር ፓኔል ከ4 ሜትር ገመድ ጋር፦ 1
— 75 ሚሊ ፒቪሲ ቧንቧ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ክዳን 2
— ባለ 4 ሚሊ ጥርስ ያለው ዘንግ 1 ሜትር፣ ዳዶ 24፣ ሮንዴላ 24
— ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የዘይት ጀሪካን፦ 1
— 1.5 ሚሊ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ 6 በ7.5 ሳንቲ ሜትር
— 3 ሚሊ የአጥር ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ሶልደር፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ፣ 5 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ የፒቪሲ ማጣበቂያ፣ ሙቀት የሚያስተላልፍ ማጣበቂያ

ሴጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሶልደር ብረትና ቴስተር (ቮልትና ፍሰት መለኪያ) ካላችሁ መሣሪያው ተሟልቷል።

ኤልኢዲውን ከተቃጠለ የቤት አምፖል ለማውጣት የሚሞክር ይኖራል። አምፖል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ብዙዎቹ 6፣ 9 ወይም 18 ቮልት የሚፈልጉ ናቸው፤ በአንድ ሊቲየም ባትሪ አይበሩም። ለመፈተን ሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ገጥማችሁ 3 ቮልቱን አንካኩት። ጭላንጭል እንኳ ካላሳየ ገልብጡት፤ አሁንም እንቢ ካለ ተዉት። ገዝታችሁ ከሆነ የብርሃኑን ዓይነት ምረጡ፤ 6,500 ኬልቪን የሚባለው ሰማያዊ አዘል ነጭ ነፍሳት ይጠራል፣ ከ3,000 እስከ 4,000 ያለው ለዓይንም ለትንኝም ይሻላል።

ባትሪውን ከአሮጌ ላፕቶፕ ማውጣት ይቻላል፤ ፈተናውን ካለፈ። ስታገኙት ቮልቱ ከ2.5 በታች የሆነውን፣ ያበጠውን፣ ሽፋኑ የተላጠውን አውጡ። ቀሪውን እስከ 4.2 ቮልት ሙሉና ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ከ4.1 በታች ከወረደ ውስጡ እያፈሰሰ ነው። ያለፈውን በ10 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አገናኝታችሁ እስከ 3 ቮልት እስኪወርድ ሰዓት ቁጠሩ። አምስት ሰዓት ተኩል የቆየ 2,000 ገደማ አለው። ከአምስት ሰዓት በታች የሆነውን ለሌላ ነገር አውሉት። ሲሞላ እጅ ላይ የሚያሞቅ ባትሪ ምንም ቢይዝ ለዚህ ፋኖስ አይሆንም።

የኤሌክትሪኩ ሥራ

የመብራቱን ፍሰት የሚወስነው አንድ ሬዚስተር ነው። ኤኤምሲ7135 የሚባል፣ ፍሰቱን 350 ሚሊ አምፔር ላይ የሚያጸና ትንሽ ቺፕ አለ፤ ሥራውም ንጹሕ ነው። ሲሞት ግን በየወረዳው ከተማ አይገኝም። 3.3 ኦም ሬዚስተር ከሞተ ቴፕና ሬዲዮ ውስጥ ሳይቀር ሊወጣ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ጨለማ ሳይወርድበት አስቀድሞ ያውቃል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፣ ኤልኢዲው 2.95 ገደማ ይወስዳል፣ ቀሪው 1.25 በ3.6 ኦም ሲካፈል 350 ሚሊ አምፔር አካባቢ ይሆናል። (3.6 ያልነው 3.3ቱን ከሦስቱ ትንንሽ ሬዚስተሮች ድርሻ ጋር ነው።) ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ 115 ይደርሳል። ባለ 1 ዋት ኤልኢዲ እስከ 350 ይችላል፤ እኛ ሲሶውን ብቻ ነው የምንጭነው። ስለዚህ አይግልም፣ ዕድሜው ይረዝማል፣ አንዱ ቢቃጠል እንኳ ሁለቱ ሳይጨነቁ ይቀጥላሉ። ባትሪው 3.7 ላይ ሲደርስ ፍሰቱ ወደ 230 ይወርዳል።

1. ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ ነጌቲቭ እግር አንድ 1 ኦም ሬዚስተር በይዱ። የሦስቱን ሬዚስተሮች ጫፍ አንድ ላይ አገናኙ፤ ይህን መጋጠሚያ «ነጥብ ሀ» እንበለው። እነዚህ ሬዚስተሮች ከሌሉ ከሦስቱ አንዱ ፍሰቱን ለብቻው ይስብና ቀድሞ ይሞታል።

2. የሦስቱን ኤልኢዲ ፖዘቲቭ በአንድ ቀይ ሽቦ አገናኝታችሁ ከቻርጅ ሰሌዳው ፖዘቲቭ መውጫ ጋር አያይዙ።

3. የሰሌዳውን ነጌቲቭ መውጫ ወደ ማብሪያው መሃለኛ እግር አምጡ። ከማብሪያው አንደኛው ጫፍ በ3.3 ኦም፣ ከሌላኛው ጫፍ በ47 ኦም በኩል ወደ ነጥብ ሀ ይሂድ። ወደ ላይ ሲገፋ ደማቅ፣ ወደ ታች ሲገፋ ደብዛዛ፣ መሃል ላይ ጠፍቷል። ደብዛዛው ከ20 እስከ 30 ሚሊ አምፔር ብቻ ስለሚወስድ በሙሉ ባትሪ ከስድስት ሌሊት በላይ ሳያቋርጥ ይበራል። ደማቁ 15 ሰዓት ያህል ይቆያል።

4. ሁለቱን ባትሪ ማስቀመጫ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ፣ ነጌቲቭን ከነጌቲቭ አገናኙ፤ በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ላይ አንዳንድ ፊውዝ አስገቡ። ከዚያ ፖዘቲቩንና ነጌቲቩን ከሰሌዳው የባትሪ ነጥቦች ጋር አያይዙ። ዕቃ ዝርዝሩ ላይ «ነጠላ» ያልነው በምክንያት ነው። ገበያ ላይ ያለው ባለ ሁለት ማስቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪዎቹን ተከታታይ አድርጎ 7.4 ቮልት ያወጣል፤ ሰሌዳውን በአንድ ጊዜ ይገድለዋል።

5. ባትሪዎቹን ከማስገባታችሁ በፊት ቮልታቸውን ለኩ። ልዩነታቸው ከ0.05 መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ የሞላው ባዶውን በኃይል ይሞላውና ሁለቱም ይጎዳሉ። በየማስቀመጫው የፖዘቲቩን ወገን በጥፍር ቀለም ቀይ ቀቡ። ከሁለቱ አንዱ ተገልብጦ ቢገባ እሳት ነው፤ ፊውዞቹ የተቀመጡት ለዚያች ቅጽበት ነው።

6. የቻርጅ ሰሌዳው ከፋብሪካ ሲወጣ 1 አምፔር እንዲሞላ ተደርጎ ነው። 5 ዋት ፓኔል ግን ቢበዛ 0.8 አካባቢ ነው የሚሰጠው። ሰሌዳው ላይ 122 ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ሬዚስተር አንሥታችሁ በቦታው 2 ኪሎ ኦም ብትበይዱ ፍሰቱ 580 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ፓኔሉም ሰሌዳውም አይጨናነቁም።

7. ከመሰኪያው ፖዘቲቭ ወደ ሰሌዳው መግቢያ 1ኤን5819 ዳዮዱን በይዱ፤ ነጩ ቀለበት ወደ ሰሌዳው ይዙር። ነጌቲቩ በቀጥታ ወደ ሰሌዳው መግቢያ ይሂድ። ፓኔሉ ተገልብጦ ቢሰካ አደጋ የለም። ሰሌዳው ላይ ያለውን ዩኤስቢ ቀዳዳ አትጠቀሙበት፤ ቀድሞ የሚነቀለው እሱ ነው። ለሱቅ መሙያ አንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ ሌላው ክብ መሰኪያ የሆነ ገመድ ሥሩ።

ሣጥኑ ውስጥ ሳታስገቡ ፈትኑት። ባትሪ ገብቶ መውጫው ላይ ዜሮ ቮልት ብታዩ አትደንግጡ፤ የሰሌዳው መከላከያ ተኝቶ ነው፣ ቻርጅ ለአንድ ደቂቃ ስትሰኩለት ይነቃል። ቴስተሩን በ10 አምፔር ቀዳዳ በኩል በመስመሩ መሃል አስገብታችሁ ፍሰቱን ለኩ። በሙሉ ባትሪ ደማቁ ከ300 እስከ 350፣ ደብዛዛው ከ25 እስከ 35 ሚሊ አምፔር መሆን አለበት። ከ400 ከበለጠ ሬዚስተሩ ትክክል አይደለም።

አካሉን መሥራት

አካሉ በሙጫ ሳይሆን በሦስት ዘንጎች ነው የሚያያዘው። ቧንቧውን በሴጌቶ 13 እና 4 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡት፤ ትርፉን ለሌላ ሥራ አስቀሩ። ጫፉን በሞረድ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ረጅሙን ከታችኛው ክዳን፣ አጭሩን ከላይኛው ክዳን ጋር በፒቪሲ ማጣበቂያ አያይዙ። አካሉን ሙጫ የሚነካው እዚህ ብቻ ነው።

ዘንጉን 26 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሦስት ቁረጡ። ሁለቱም ክዳኖች ላይ ከመሃል 3 ሳንቲ ሜትር ርቀው፣ እርስ በርስ እኩል የተራራቁ ሦስት ሦስት ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ። የክዳኖቹ ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ፋኖሱ ጠማማ ይቆማል፤ ስለዚህ አንዱን ክዳን በስታችሁ ለሌላው መለኪያ አድርጉት። ከ5 ሚሊ ኮምፔንሳቶ 6.9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክብ ወለሎች ቁረጡ፤ በዘንጎቹ ላይ በዳዶ ከላይና ከታች ይያዛሉ። የታችኛው ወለል ከረጅሙ ቧንቧ አፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይቀመጥ። የላይኛውም እንዲሁ ወደ አጭሩ ቧንቧ 1.5 ይግባ። በሁለቱ ወለሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይኖራል፤ የብርሃኑ ቤት እሱ ነው።

አሉሚኒየሙን በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ አጥፋችሁ ሦስት ጎን ያለው ምሰሶ አድርጉት። በየጎኑ አንድ ኤልኢዲ ሙቀት በሚያስተላልፍ ማጣበቂያ ለጥፉ። ከማጣበቃችሁ በፊት የኮከቡ ጀርባ ከእግሮቹ ጋር አለመገናኘቱን በቴስተር አረጋግጡ። ምሰሶውን በታችኛው ወለል መሃል አቁሙት። ከአንድ ሰዓት ደማቅ ብርሃን በኋላ አሉሚኒየሙን በእጅ ጨብጦ መቆየት ካልተቻለ ኤልኢዲው በደንብ አልተለጠፈም።

ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የጀሪካኑ ላስቲክ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 24 ርዝመት ቁረጡ፤ በሙቅ ውኃ አለስልሱትና ጠቅልላችሁ በዘንጎቹ ዙሪያ፣ ከቧንቧው አፍ ገባ አድርጋችሁ ግጠሙት። የጀሪካን ላስቲክ ምንም ዓይነት ሙጫ አይቀበልም፤ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ በሳምንቱ ይላቀቃል። እዚህ ግን ወለሎቹና የቧንቧው አፍ ስለሚይዙት ሙጫ አያስፈልገውም። መስታወት ወይም ጥርት ያለ ላስቲክ የሚመርጥ አለ፤ ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ዓይንም ይወጋል።

ባትሪዎቹን ከታችኛው ወለል ሥር ቁልቁል አቁማችሁ በሽቦ ማሰሪያ እሰሩ፤ በየመሃላቸው የስፖንጅ ቁራጭ ጠቅጥቁ። ባጃጅና አህያ ላይ የሚዋልል ባትሪ የማስቀመጫውን ሽቦ ያላላል፤ «ሲመቱት የሚበራ» የሚባለው ፋኖስ በሽታው ይህ ነው። የቻርጅ ሰሌዳው ሲሞላ ስለሚግል ከባትሪው ራቅ አድርጉት። ማብሪያው ከወለሉ ዝቅ ብሎ፣ መሰኪያው ከእሱ ሥር በቧንቧው ጎን ላይ ይሁኑ፤ ለእነሱ የሚሄደው ሽቦ 15 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው፣ አለዚያ አጽሙን (ዘንጎቹን ከነወለሎቹ) ስታወጡ ይበጠሳል። ሰሌዳው ላይ ያሉት የቻርጅ መብራቶች ከውጭ እንዲታዩ ከጥርት ያለ እስክርቢቶ አንድ ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በቧንቧው ጎን አሳልፉ፤ ብርሃኑን ይዞ ይወጣል።

ክዳኖቹ ላይ ከዳዶው ሥር ከጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ክብ አስገቡ። መሰኪያው ላይም ከዚያው ላስቲክ ምላስ የመሰለ መሸፈኛ ስቀሉ። ሲልከን የምትቀቡ ከሆነ አሽትቱት፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መዳብን ይበላል፣ በዓመቱ ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ታችኛው ክዳን መሃል ላይ ደግሞ 2 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ። ይህን ሲሰሙ የሚቃወሙ አይጠፉም፤ ነገር ግን ቀን የሞቀ ፋኖስ ማታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ጤዛ ይሠራል፣ ያ ውኃ መውጫ ይፈልጋል። ፋኖሱ ዝናብ ይችላል እንጂ ወንዝ ውስጥ አይገባም።

እጀታውን ከአጥር ሽቦው ሥሩት፤ የላይኛውን ክዳን በስቶ ከውስጥ በሮንዴላ ይታጠፍ። አምስት ኪሎ ጤፍ አንጠልጥላችሁበት ካደረ በቂ ነው። ለአውድማው ጠባቂና ለተማሪው የሚሆነውን ከለላ ከጣሪያ ቆርቆሮ ግማሽ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጠርዙን እጠፉት፣ እጅ ይቆርጣል።

ፓኔሉና የጎጃም ፀሐይ

አራት ሰዓት ደማቅ፣ ቀሪውን ሌሊት ደብዛዛ ያበራ ሰው 1,150 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይጠቀማል። በበጋ ይህ በአንድ ቀን ከበቂ በላይ ይሞላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን የጠራ ፀሐይ በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ይገኛል ብላችሁ አስቡ፤ 5 ዋት የመረጥነው ለዚያ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን ጨርሶ ቢደፍንም ባትሪዎቹ ያሻግራሉ።

ፓኔሉን «ወደ ደቡብ አዙሩት» የሚለው ምክር ከመስከረም እስከ መጋቢት ይሠራል። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይዋ እኛ አናት ላይ ሳትቆም ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ ስለምታልፍ በክረምት ፓኔሉ ጠፍጣፋ ይተኛ፤ ውኃና አቧራ እንዲወርድለት ብቻ ትንሽ ዘንበል ይበል። 12 ቮልት የሚባለው የጣሪያ ፓኔል ባዶውን ከ20 ቮልት በላይ ያወጣል፤ ይህ ሰሌዳ ከ8 በላይ ከመጣበት ይፈነዳል። መሰኪያው ቢገጥም እንኳ አታገናኙት።

ገመዱን 4 ሜትር ያደረግነው ፓኔሉ ፀሐይ ላይ፣ ፋኖሱ ጥላ ውስጥ እንዲሆን ነው። ከደጀን ቁልቁል ባለው በረሃ ፋኖሱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ መሙላት ባትሪውን በአንድ በጋ ይጨርሰዋል። ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣው በጮቄ አናት ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ውርጭ ላይ ያደረ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቢሞላ ውስጡ ለዘለቄታው ይጎዳል። ሌሊት ጎጆ ውስጥ አስገቡት፣ ጠዋት ሞቅ ካለ በኋላ ሰኩት። መብራቱን እያበሩ መሙላትም ይቅር፤ ሰሌዳው ባትሪው መሙላቱን መለየት ያቅተዋል።

ለመንደሩ ከማደላችሁ በፊት

ሦስት ፋኖስ ብቻ ሠርታችሁ ስጡ። ከዚያ በፊት ግን እናንተ ራሳችሁ አሠቃዩት። ውስጡ ሶፍት ጠቅልላችሁ አስገቡና በተበሳ ባልዲ አሥር ደቂቃ ውኃ አፍስሱበት፤ ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ቀዳዳውን ያሳያል። ከአንድ ሜትር ከፍታ ጠጣር መሬት ላይ በየጎኑ ስድስት ጊዜ ጣሉት። ጫኝ አህያ ላይ አስራችሁ ገበያ ደርሶ ይምጣ። ዓይኑን የተሸፈነ ሰው በረጠበ እጅ፣ ጋቢ ተከናንቦ ማብሪያውን ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ካቃተው ማብሪያው ቦታው አይደለም።

ሦስቱን ለአውድማ ጠባቂ፣ ለአንዲት እናትና ለቆሎ ተማሪዎች ስጡና ከወር በኋላ ተመለሱ። «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ይባላል፤ ይሉኝታ ነው፣ አትመኑት። ፋኖሱን ተቀብላችሁ እዩት። ጥላሸት ካለበት ማድቤት ይውላል ማለት ነው። ማብሪያው ላይ ናስትሮ ከተጠቀለለ ልል ሆኗል። እጀታው ላይ ገመድ ከተጨመረ አጭር ነው። የሰው እጅ የጨመረበትን ሁሉ በሚቀጥለው ንድፍ ላይ አስገቡት።

ወሳኙ ፈተና የሬዲዮ ጠጋኙ ነው። ፋኖሱን ያለ ምንም ማብራሪያ ስጡትና አንድ ኤልኢዲ እንዲቀይር ጠይቁት። ሦስቱን ዳዶ ፈትቶ አጽሙን አውጥቶ፣ ቀይሮ መልሶ እስኪዘጋ የት ላይ እንደተቸገረ ተከታተሉ። ሽቦ የበጠሰበት ቦታ ላይ ሽቦውን አስረዝሙ፤ ያገላበጠበት ቦታ ላይ ምልክት ቀቡ።

ሲሠራ ቆይቶ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቀን ተሰክቶ ውሎ ማታ ቶሎ የሚጨልም ከሆነ መጀመሪያ ፓኔሉን ጥረጉ፤ ከዚያ ባትሪዎቹን አውጥታችሁ ለየብቻ ለኩ፣ አንዱ ደክሞ ሌላውን እየጎተተው ይሆናል፤ ስትቀይሩ ሁለቱንም ነው። ደማቁ ጠፍቶ ደብዛዛው የሚሠራ ከሆነ የ3.3 ኦሙ ብየዳ ለቋል። አንድ ጎን ብቻ ከጨለመ የዚያ ኤልኢዲ 1 ኦም ሬዚስተር ወይም ራሱ ኤልኢዲው ነው። ሁለቱም ፊውዝ ከተቃጠለ ባትሪ ተገልብጦ ገብቷል፤ ፊውዙን በሽቦ አትተኩት። የሞተ ባትሪ እሳት ውስጥም ሽንት ቤት ውስጥም አይጣልም፤ ሁለት ጫፉ በናስትሮ ተሸፍኖ ልጅ በማይደርስበት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።

በመጨረሻ የሽቦውን አያያዝ በወረቀት ላይ ስላችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከላይኛው ክዳን ውስጥ ለጥፉ፤ ከጎኑም መጠባበቂያ ኤልኢዲ፣ ሁለት ፊውዝና አንድ 3.3 ኦም ሬዚስተር በትንሽ ከረጢት አስቀምጡ። በአጭሩ ቧንቧ ውስጥ ቦታ ይበቃቸዋል።